ቃኘው ጣቢያ፤ የሬዲዮ ጠላፊዎቹ 34 ዓመታት በአስመራ

በኖቬምበር 1943 በርሊን ተቀማጭ የነበሩት የጃፓን አምባሳደር ጄኔራል ሂሮሺ ኦሺማ አንድ ረጅም ሪፖርት ወደ ቶኪዮ ላኩ። አምባሳደሩ ጀርመኖች በፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ የገነቡትን የመከላከያ ምሽግ በአካል ተዘዋውረው አይተው መመለሳቸው ነበር። የጦሩን አሰላለፍ፣ የምሽጎቹን አሠራር፣ ቅድሚያ የተሰጠው ለዶቨር ሰርጥ አካባቢ መሆኑን ሁሉ ዘርዝረው ጻፉ። ሪፖርቱ አሜሪካኖች ‹‹ፐርፕል›› ብለው በሰየሙት የጃፓን ዲፕሎማቶች የሚስጥር መኪና ወደማይነበብ የፊደል ክምር ተቀይሮ በሬዲዮ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ተለቀቀ።

አምባሳደሩ ሁለት ነገር አላወቁም። አንደኛ፣ በዊልያም ፍሪድማን የሚመራው የአሜሪካ ጦር የኮድ ፈቺዎች ቡድን የመኪናውን አሠራር ገና በ1940 ደርሶበታል። ሁለተኛ፣ ያን መልእክት ከአየር ላይ የሚለቅሙ ሰዎች አስመራ ላይ ተቀምጠዋል። የተጠለፈው ጽሑፍ ከአስመራ ወደ ቨርጂኒያ ተላከ፤ እዚያ ተፈታ፣ ተተረጎመ፤ የኖርማንዲን ወረራ ያቅዱ ከነበሩት አዛዦች ጠረጴዛም ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካ ጦር ኤታ ማጆር ሹም ጄኔራል ጆርጅ ማርሻል ለፕሬዚዳንታዊ ዕጩው ለቶማስ ዲዊ በጻፉት ሚስጥራዊ ደብዳቤ፣ ሂትለር በአውሮፓ ምን እንዳሰበ የሚያውቁበት ዋናው ምንጭ የኦሺማ መልእክቶች መሆናቸውን አምነዋል።

ያች የአስመራ ጣቢያ በኋላ ‹‹ቃኘው›› ተባለች። 34 ዓመት ቆየች። የአንድ ሙያ፣ ማለትም የወታደራዊ ሬዲዮ ጠለፋ፣ ትልቅ ማዕከል ሆነች። የኢትዮጵያ ሠራዊት የታጠቀበት ውል መነሻም እርሷ ነበረች። ስለ ቃኘው ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የአሜሪካኖቹ ክበብና ዶላር ነው። እዚህ ላይ ግን ተቋሙ እንዴት እንደተወለደ፣ በውስጡ የነበሩት ሰዎች ምን ይሠሩ እንደነበር፣ ከእርሱም ለእኛ ምን እንደቀረ እንመለከታለን። (‹‹ዓ.ም.›› ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሬዲዮ ማሪና እስከ ቃኘው

ጣቢያውን የተከሉት አሜሪካኖች አይደሉም። ጣልያን ኤርትራን ስትገዛ የባሕር ኃይሏ አስመራ ላይ ‹‹ሬዲዮ ማሪና›› የሚባል የመገናኛ ጣቢያ ነበረው። በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ያሉት መርከቦች ከሮም ጋር የሚገናኙት በዚያ በኩል ነበር። ኤፕሪል 1 ቀን 1941 የእንግሊዝ ጦር አስመራ ሲገባ ሬዲዮ ማሪናም ከነማማዎቹ በእጁ ወደቀ።

አሜሪካኖች ኤርትራን ማወቅ የጀመሩት በዚያው ጦርነት ውስጥ ነው። በ1942 ጉራዕ ላይ ‹‹ፕሮጀክት 19›› በሚል ስም ለእንግሊዝ ጦር አውሮፕላኖች የሚጠገኑበት ትልቅ ሠፈር አቋቁመው ነበር። የምፅዋ ወደብም በእነርሱ ባለሙያዎች ይጠገን ነበር። የጦር ግንባሩ ከሰሜን አፍሪካ ሲርቅ ጉራዕ ተዘጋ። ሬዲዮ ማሪና ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። በ1943 የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ክፍል ጥቂት ሰዎችን ልኮ የጣቢያውን የመቀበል ችሎታ አስፈተሸ። ውጤቱ አስደሰታቸውና እዚያው ተቀመጡ።

አስመራን ተፈላጊ ያደረጋት ተፈጥሮዋ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 15 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በዚያ ዘመን የረጅም ርቀት ግንኙነት የሚካሄደው በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነበር። አጭር ሞገድ ደግሞ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ‹‹አዮኖስፌር›› ከሚባለው የከባቢ አየር ንብርብር ጋር ተላትሞ፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ መሬት ላይ ይወርዳል። ይህ ንብርብር ከፀሐይ ጋር ይለዋወጣል። ወደ ዋልታዎቹ በተጠጋ ቁጥር የክረምትና የበጋ ልዩነቱ ይሰፋል፤ የዋልታ የብርሃን ማዕበልም ያናውጠዋል። አስመራ ላይ ግን ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ የተቀራረበ ርዝመት ስላላቸው ሞገዱ ብዙም አይዋዥቅም። አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅ፣ የሶቪየት ኅብረት ደቡባዊ ክፍልና አፍሪካ በሙሉ ጥርት ብለው ይሰማሉ።

ጦርነቱ ሲያልቅ አሜሪካኖች ጣቢያውን ሊለቁ አልፈለጉም። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1945 የአሜሪካ ጦር የጠለፋና የኮድ መፍታት ሥራውን በአንድ ተቋም ሥር አሰባስቦ ‹‹የጦር ሠራዊቱ የደኅንነት ኤጀንሲ›› የሚባለውን መሥሪያ ቤት አቋቋመ። አስመራ ከዚህ ኤጀንሲ የውጭ ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። በ1952 ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ፣ በተለምዶ ኤን ኤስ ኤ የሚባለው፣ ሲቋቋም ጣቢያዋ ምን እንደምትጠልፍ የሚወስነው እርሱ ሆነ፤ ወታደሮቹንና መኮንኖቹን የሚያቀርበው ግን ጦሩ ነበር።

አስቸጋሪው ጥያቄ ጣቢያዋ ያለችበት መሬት የማን ይሆናል የሚለው ነበር። ኤርትራ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ሆና ዕጣዋ በተባበሩት መንግሥታት ሲመከርበት፣ የአሜሪካ የጦር አለቆች የአስመራው የሬዲዮ ጣቢያ በወዳጅ መንግሥት እጅ እንዲሆን አጥብቀው ይሹ ነበር። ዲሴምበር 2 ቀን 1950 ጠቅላላ ጉባኤው በውሳኔ ቁጥር 390 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ ወሰነ፤ ውሳኔውም በመስከረም 1945 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ለፌዴሬሽኑ ምክንያት የሆነው የሬዲዮ ጣቢያው ብቻ ነው ማለት ታሪኩን ማጥበብ ይሆናል። የኢትዮጵያ የባሕር በር ጥያቄ ነበረ፤ በኤርትራውያን መካከልም የአንድነትና የነፃነት ወገኖች ነበሩ። ይሁን እንጂ ዋሽንግተን ድምፅዋን ስትሰጥ የአስመራን ማማዎች እንዳልረሳች የታወቀ ነው።

ፌዴሬሽኑ በተመሠረተ በስምንት ወሩ፣ ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. (ሜይ 22 ቀን 1953)፣ ኢትዮጵያና አሜሪካ በአንድ ቀን ሁለት ውል ተፈራረሙ። በአንደኛው አሜሪካ ጣቢያውን ለ25 ዓመት እንድትጠቀምበት ተፈቀደላት። በሁለተኛው አሜሪካ ለኢትዮጵያ ወታደራዊ እርዳታ ለመስጠት ተስማማች። ጣቢያው ቃኘው ተብሎ የተሰየመውም በዚያን ጊዜ ነው። ቃኘው የልዑል ራስ መኮንን የፈረስ ስም ሲሆን፣ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የክብር ዘበኛ ሻለቃ ጦሮችም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። አንድ የአሜሪካ የጠለፋ ጣቢያ በንጉሠ ነገሥቱ አባት የፈረስ ስም መጠራቱ ሁለቱ መንግሥታት በዚያን ሰሞን ምን ያህል እንደተቀራረቡ ያሳያል።

ጠላፊው፣ ተንታኙ፣ መኮንኑ

በቃኘው የኦፕሬሽን ሕንፃዎች ውስጥ ሥራ የማይቋረጥበት ሰዓት አልነበረም። ሠራተኛው በፈረቃ ተከፋፍሎ ሌሊቱንም ቀኑንም ይቀመጣል። አብዛኛው የሃያዎቹን ዕድሜ ያላጋመሰ ወጣት ነው። ማሳቹሴትስ በሚገኘው ፎርት ዴቨንስ ለወራት ሞርስ ሲያዳምጥ ከርሞ፣ የሕይወት ታሪኩ እስከ ዘመድ አዝማዱ ተመርምሮ፣ የከፍተኛ ሚስጥር ፈቃድ ካገኘ በኋላ የሚላክ ነው።

የሞርስ ጠላፊው ፊት ‹‹አር-390›› የሚባል ከባድ የሬዲዮ መቀበያ አለ። ጠላፊው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ቁልፉን በጥቂት በጥቂቱ እያዞረ የተመደበለትን ሞገድ ይፈልጋል። ካገኘው በኋላ ሌላው ላኪ በነጥብና በሰረዝ የሚልከውን እየሰማ፣ በትልልቅ ፊደላት ብቻ በሚጽፍ የጽሕፈት መኪና ይተይባል። የሚተይበው ነገር ለእርሱ ትርጉም የለውም፤ አምስት አምስት ሆነው የተደረደሩ ፊደላት ወይም ቁጥሮች ናቸው። ጎን ለጎን ግን የሚያስተውለው ሌላ ነገር አለ፦ ላኪው ማን ነው? ሞርስ የሚመታ ሰው እንደ እጅ ጽሑፍ የራሱ አመታት አለው። አንዱ ሰረዙን ይስባል፣ ሌላው ቁጥሮቹ ላይ ይቸኩላል። ልምድ ያለው ጠላፊ ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ማዶ ያለውን፣ ፊቱን አይቶት የማያውቀውን ወታደር በእጁ ይለየዋል። የጣቢያው መጠሪያ ቢቀየርም፣ ሞገዱ ቢለወጥም፣ ያ ሰው እንደገና ቁልፉን ሲነካ ‹‹ይሄ የእኔ ሰው ነው›› ይላል። በዚህም አንድ ክፍለ ጦር ከቦታ ወደ ቦታ መዛወሩ ይታወቃል።

ከጠላፊው ቀጥሎ አቅጣጫ ጠቋሚው አለ። እርሱ ሞገዱ ከየት በኩል እንደመጣ በአንቴናው ይለካል፤ በሌላ አገር ያለ ሌላ ጣቢያም ያንኑ ሞገድ ሲለካ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ የላኪውን ቦታ ያሳያል። ከዚያ ቋንቋ አዋቂው አለ፤ ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ በሚገኘው የጦሩ የቋንቋ ትምህርት ቤት ሩሲያኛ ወይም ዐረብኛ ተምሮ የመጣ፣ በድምፅ የሚተላለፈውን የሚያዳምጥ። ኮድ ፈቺውም አለ፤ የከባዱ ሥራ ግን ወደ አሜሪካ የሚላክ ነበር።

የጣቢያው የዕለት እንጀራ የሆነው ግን የግንኙነት ትንተና ነው። ተንታኙ የመልእክቱን ይዘት ሳያነብ ማን ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ጊዜ እንደተገናኘ መዝግቦ ያጠናል። ነጠላ አዘቅዝቆ ወደ ጎረቤት የሚገባውን ሰው ያየ፣ ለቅሶ መሆኑን ለማወቅ ከቤቱ የሚወጣ ቃል መስማት አያስፈልገውም። ተንታኙም እንዲሁ ነው። ዘወትር በቀን ሁለት ጊዜ የሚገናኝ የጦር ጣቢያ ድንገት በየሰዓቱ መላክ ሲጀምር፣ ወይም ጨርሶ ዝም ሲል፣ ኮዱ ባይፈታም አንድ ነገር እንደተዘጋጀ ይረዳል።

በእነዚህ ሁሉ ላይ የተቀመጠው መኮንኑ ነው። የጠለፋ መኮንን ዋና ሥራ መምረጥ ነው። ሰማዩ በሞገድ የተሞላ ነው፤ ወንበሩ፣ መቀበያውና ሰው ግን የተቆጠረ ነው። ዛሬ ሌሊት የትኛው ሞገድ ይያዝ? የትኛው ይለቀቅ? ከተለቃቀመው ውስጥ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ዋሽንግተን መሄድ ያለበት የቱ ነው? የሚቆየውስ? ትክክለኛ ግምት የሰጠ መኮንን በአደባባይ አይመሰገንም፤ የሠራው ሥራ ሚስጥር ነውና። የተሳሳተም እንዲሁ በዝግ ቤት ነው የሚጠየቀው። ለሚስቱ እንኳ ውሎውን አይናገርም።

የሙያው የእድገት መሰላልም በዚያው የተዘጋ ዓለም ውስጥ ነበር። ኤጀንሲው በጀርመን፣ በቱርክ ሲኖፕ፣ በጃፓን እና በሌሎችም አገሮች ጣቢያዎች ነበሩት። መኮንኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል። ከ1961 ጀምሮ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ቬትናም ሄዱ፤ በዚያ የኤጀንሲው ክፍሎች ‹‹የሬዲዮ ምርምር›› በሚል ሽፋን ስም ይጠሩ ነበር። ከአስመራ ወደ ሳይጎን የተላከ መቶ አለቃ ለጫካ ጦርነት የሚሆን የሬዲዮ ጠለፋ እዚያው መማር ነበረበት፤ ቃኘው ያስተማረችው ከአህጉር አህጉር የሚያልፈውን ትልቁን ሞገድ መያዝ ነውና።

በ1960ዎቹ የደራችው ቃኘው ቤተሰብን ጨምሮ ወደ 5,000 የሚጠጉ አሜሪካውያን ይኖሩባት ነበር። ሲኒማ ቤት፣ የቦውሊንግ መጫወቻ፣ የመዋኛ ገንዳ፣ ትምህርት ቤት፣ የራሷ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ ‹‹ጋዜል›› የሚባል ጋዜጣ ነበራት። ምፅዋ ላይ የወታደሮች መዝናኛ ነበር። ብዙ የአስመራ ሰው በምግብ ቤቱ፣ በልብስ ንጽሕናው፣ በጥገናው፣ በመኖሪያ ቤቶቹ ተቀጥሮ እንጀራ በልቶባታል። አንቴናዎቹ ወደተሰኩባቸው የኦፕሬሽን ሕንፃዎች ግን የሚገባው የሚስጥር ፈቃድ ያለው አሜሪካዊ ብቻ ነበር። ከአጥሩ ውስጥ ብዙ አበሻ ሠርቷል፤ ከሙያው አጠገብ ግን አንድም አልደረሰም።

ከፍታ በመሣሪያ

የ1953ቱ ውል ለአዲስ አበባ ምን አስገኘ? መነሻው አነስተኛ ነበር፦ እያንዳንዳቸው 6,000 ወታደር ያላቸው ሦስት ክፍለ ጦሮችን ለማሠልጠንና ለማስታጠቅ 5 ሚሊዮን ዶላር። የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪ ቡድን አዲስ አበባ ገባ። የኢትዮጵያ መኮንኖች ወደ አሜሪካ የጦር ትምህርት ቤቶች መላክ ጀመሩ። ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ግን በዚህ አልረኩም፤ የጣቢያዋን ዋጋ በሚገባ ያውቁ ስለነበር፣ በየጊዜው ተጨማሪ መሣሪያ ይጠይቁ ነበር። በ1960 አሜሪካ 40,000 ወታደር ያለው የምድር ጦር ለመደገፍ በሚስጥር ተስማማች። በ1966 ኢትዮጵያ ኤፍ-5 ተዋጊ ጀት ተቀበለች። በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ከሰሐራ በታች ላሉ የአፍሪካ አገሮች ከምትሰጠው ወታደራዊ እርዳታ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለኢትዮጵያ ይሰጥ ነበር።

ይህ ሁሉ ለአሜሪካ ሕዝብ በይፋ የተነገረው በ1970 ነው። በሴናተር ስቱዋርት ሳይሚንግተን የሚመራው የሴኔት ንዑስ ኮሚቴ አሜሪካ በውጭ አገሮች የገባችውን ግዴታ ሲመረምር ስለ ኢትዮጵያም ምስክር ሰማ፤ የ1960ው ስምምነትም ያኔ ተገለጠ። ሴናተሮቹ የጠየቁት ቀላል ነገር ነበር፦ ለአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ሲባል የአንድን አገር ሠራዊት በሙሉ መሸከም እስከ የት ድረስ ይዘልቃል?

ጥያቄው በአስመራ መልስ ያጣው ቀደም ብሎ ነው። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ የኢትዮጵያ ጠቅላይ ግዛት ሆነች። የትጥቅ ትግሉ ግን ከዚያ በፊት፣ በሴፕቴምበር 1961፣ ተጀምሯል። አሜሪካ ጣቢያዋን ላለማጣት ስትል ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ ዝም አለች። በአሜሪካ መሣሪያ የታጠቀው ሠራዊት በኤርትራ ሲዋጋ ከጦር ሜዳው ብዙም ሳይርቅ የአሜሪካ ወታደሮች ቦውሊንግ ይጫወቱ ነበር። ብዙ ኤርትራውያን ቃኘውን የሚያስታውሱት ለዕጣቸው የተከፈለ ዋጋ አድርገው ነው፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አላቸው። ሥራና ገበያ ያገኙባት መሆኗም እውነት ነው። ሁለቱን አብሮ መያዝ ያስፈልጋል።

ወደ ጠፈር የዞረው አንቴና

በ1960ዎቹ አጋማሽ ቃኘው አዲስ ሥራ ተጨመረላት። ‹‹ስቶንሃውስ›› በሚል የሽፋን ስም የሚታወቅ ጣቢያ ተተከለ። ከአጭር ሞገድ ጋር ግንኙነት የለውም፤ አንደኛው 26 ሜትር፣ ሁለተኛው 46 ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ሁለት ግዙፍ ዲሾች ነበሩት። የሚያዳምጡት ሶቪየት ኅብረት ወደ ጨረቃ፣ ወደ ቬነስና ወደ ማርስ የምታመጥቃቸውን መንኮራኩሮች ነው።

እዚህም አስመራን ያስመረጣት ቦታዋ ነበር። ሶቪየቶች የሩቅ ጠፈር መንኮራኩሮቻቸውን የሚቆጣጠሩት በክራይሚያ፣ የቭፓቶሪያ ከሚገኘው ማዕከል ነበር። መንኮራኩሩ መረጃውን የሚልከው ክራይሚያን ሲያይ፣ ከዚያ ትእዛዝ ሲደርሰው ነው። ከክራይሚያ በስተደቡብ፣ በተቀራራቢ የኬንትሮስ መስመር ላይ የተተከለ አንቴና መንኮራኩሩን በዚያው ሰዓት ያየዋል። አሜሪካ ላይ ካለ አንቴና ግን መንኮራኩሩን በዚያ ሰዓት ምድር ትጋርደዋለች። ስለዚህ ሶቪየቶች ሲያነጋግሩት አስመራ ላይ ይሰማል። ከሚለቀመው የቁጥር ጎርፍ መንኮራኩሩ ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኛው መሣሪያው እንደተበላሸ፣ የሶቪየት ቴክኖሎጂ ምን ደረጃ ላይ እንደደረሰ ይገመት ነበር።

ስቶንሃውስ የቃኘው የመጨረሻው ትልቅ ሥራ ሆነ። ሳተላይቶች እየተራቀቁ ሲሄዱ፣ መሬት ላይ የተተከለ አንቴና የሚለቅመው ብዙው ነገር ከላይ መለቀም ጀመረ። አሜሪካ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል በዲዬጎ ጋርሲያ ደሴት የባሕር ኃይል የመገናኛ ጣቢያ ከፈተች፤ ደሴቷ ላይ ለጣቢያው ዋጋ የሚጠይቅ ንጉሥም ሆነ የሚተኩስ ሽምቅ ተዋጊ አልነበረም። በ1971 አንድ አሜሪካዊ ወታደር በአስመራና በከረን መካከል ተገደለ። በ1973 ንጉሠ ነገሥቱ ዋሽንግተን ሄደው ተጨማሪ መሣሪያ ሲጠይቁ፣ ቃኘው ለአሜሪካ የነበራት ዋጋ ወርዶ ስለነበር ጥያቄያቸው ሰሚ አላገኘም። የጦሩ ኤጀንሲ አብዛኛውን ሰውና መሣሪያ አንስቶ የቀረውን ለባሕር ኃይሉ አስረከበ። ስቶንሃውስም በ1975 ተዘጋ።

አራት ቀን

በየካቲት 1966 ዓ.ም. አስመራ የሚገኘው ሁለተኛ ክፍለ ጦር አምፆ የከተማዋን ሬዲዮ ጣቢያ ያዘ። በቃኘው ውል ምክንያት ከሠለጠነውና ከታጠቀው ሠራዊት መካከል አንዱ ክፍል ነው፤ አመፁም ዘውዱን ለጣለው አብዮት ትልቅ መነሻ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩን ያስታጠቁት ዙፋናቸውንና አገራቸውን ለመጠበቅ ነበር፤ ዙፋኑን የወሰደው ያው ጦር ሆነ።

ሥልጣኑን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግ፣ ለተወሰነ ጊዜ ከአሜሪካ መሣሪያ መግዛቱን ቀጠለ። ነገር ግን በዲሴምበር 1976 ከሞስኮ ጋር የመሣሪያ ውል ተፈራረመ። በፌብሩዋሪ 1977 የካርተር አስተዳደር በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን እርዳታ እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ ቃኘውንም በዚያው ዓመት ሊዘጋ ማሰቡን ለአዲስ አበባ ገለጸ። ደርግ ግን የአሜሪካኖቹን ቀጠሮ አልጠበቀም። ሚያዝያ 15 ቀን 1969 ዓ.ም. ቃኘውን፣ የአስመራውን ቆንስላ፣ የአሜሪካ ማስታወቂያ አገልግሎትን፣ የወታደራዊ አማካሪውን ቡድንና የባሕር ኃይሉን የሕክምና ምርምር ጣቢያ ዘጋ፤ ሠራተኞቻቸውም በአራት ቀን ውስጥ ከአገር እንዲወጡ አዘዘ። የመጨረሻዎቹ አሜሪካኖች ኤፕሪል 29 ቀን ቃኘውን ለቀቁ። የ25 ዓመቱ ውል ሊያልቅ አንድ ዓመት ያህል ቀርቶት ነበር።

የጦሩ የደኅንነት ኤጀንሲም በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ራሱን ችሎ መቆሙ አብቅቶ በአዲስ የመረጃና ደኅንነት ዕዝ ውስጥ ተዋሕዷል። ጣቢያዋና ወላጅ ተቋሟ በአንድ ዓመት ከሰሙ። መኮንኖቹ ግን ሙያቸውን ይዘው ወደ ቀጣዩ ምድባቸው ሄዱ።

አዲስ አበባ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ሌላ ደጋፊ ያስፈልጋት ነበር፤ የሶማሊያ ጦር በሐምሌ ኦጋዴን ገባ። የመጣው ደጋፊም በተራው ቦታ ፈለገ፤ የሶቪየት ባሕር ኃይል በዳህላክ ደሴቶች ሠፈረ። ውሉ ተቀይሯል፤ ስሌቱ ግን ያው ነበር፦ ቦታ ስጥ፣ መሣሪያ ውሰድ። የሶቪየቶችም ፍላጎት በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲቀዘቅዝ ደርግ በመሣሪያ ክምር ላይ ተቀምጦ ብቻውን ቀረ።

ከቃኘው በኋላ

የጠለፋ ሙያ በኢትዮጵያ ምድር ላይ በቃኘው አላበቃም። የኤጀንሲውን ሚስጥር ባጋለጠው በኤድዋርድ ስኖውደን በኩል ወጥተው በ2017 በታተሙ የኤን ኤስ ኤ ሰነዶች መሠረት፣ አሜሪካ በ2002 አዲስ አበባ ላይ በኢትዮጵያውያን ተባባሪነት የሬዲዮና የስልክ ጠለፋ ማዕከል አቋቁማለች። የሽፋን ስሙ ‹‹ላየንስ ፕራይድ›› ነበር። ሲጀመር 12 ያህል ኢትዮጵያውያን ይሠሩበት ነበር። በ2005 ግን ስምንት የአሜሪካ ወታደሮችና 103 ኢትዮጵያውያን ነበሩት፤ ጎንደርና ድሬዳዋም ላይ ቅርንጫፍ ተከፍቶ ነበር። ዋና ትኩረቱ ሶማሊያ፣ ሱዳንና የመን ነበሩ።

ከቃኘው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ትልቅ ነው። በቃኘው ዘመን ከኢትዮጵያ የተፈለገው መሬቱና ከፍታው ነበር። በዚህኛው የተፈለገው ሰው ነው፤ የአካባቢውን ቋንቋ የሚያውቅ፣ የሰሚውንም የተሰሚውንም ባህል የሚረዳ ተንታኝ። ከፍታ ሳተላይት ሲመጣ ዋጋው ይወርዳል። ቋንቋ የሚያውቅ፣ ሞገድ ለይቶ የሚያነብ፣ ምን መያዝና ምን መልቀቅ እንዳለበት የሚወስን መኮንን ግን ዋጋው አይወርድም። በ1999 ዓ.ም. የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ኢንሳ፣ ሲመሠረት ኢትዮጵያ ይህን ሙያ በራሷ ተቋም መያዝ ጀመረች። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድም በሠራዊቱ ውስጥ ከሬዲዮ ኦፕሬተርነት ተነስተው በወታደራዊ መገናኛና መረጃ ሙያ ያደጉ፣ ከኤጀንሲው መሥራቾችም አንዱ የነበሩ ናቸው።

ሙያውን መያዝ የራሱን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። አሜሪካ ላይ ቢያንስ ዘግይቶም ቢሆን የሴኔት ኮሚቴ ጠይቋል፤ ሰነዶች ከአሥርት ዓመታት በኋላም ቢሆን ተከፍተዋል። የስቶንሃውስን ታሪክ ዛሬ ማንበብ የምንችለው በዚህ ምክንያት ነው። ሰማዩን የሚያዳምጥ ተቋም የጎረቤትን ጦር ብቻ ሳይሆን የራሱን ዜጋ ስልክም ሊያዳምጥ ይችላል። የሚጠይቀው ሕግና ምክር ቤት ከሌለ መኮንኑ በየሌሊቱ የሚመርጠው ሞገድ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

የቃኘው የ34 ዓመት ታሪክ የሚሰጠን ፍርድ ይህ ነው። ኢትዮጵያ ከፍታውን ሰጥታ መሣሪያ አገኘች፤ መሣሪያው አርጅቶ አለቀ፣ ጦሩም በገዛ ጌታው ላይ ዞረ፣ ኤርትራ ስትለይም ከፍታው አብሯት ሄደ። ከግንቡ ውስጥ የነበረው ዕውቀት ግን ሲጀመርም አልተጠየቀም፤ በውሉ ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ መኮንን ሙያውን ይማር የሚል አንቀጽ ቢኖር ኖሮ ከተሰጡት ጀቶች ሁሉ ይልቅ ይቆይ ነበር። ዛሬም ወደቡን፣ ማረፊያውን፣ አየር ክልሉን ለመከራየት የሚመጣ ኃያል አይጠፋም። ውል የሚፈርም ሰው ከመሣሪያው ዝርዝር በፊት ‹‹ማንን ታስተምሩልናላችሁ?›› ብሎ መጠየቅ አለበት።